ዜማና ጥለት፦ ጆሮ የሚሰማውን ዓይን ሲያየው



እኔ የሙዚቃም የሥዕልም ትምህርት የለኝም። እዚሁ ቶንፒንግ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የአገር ልብስና ቅመማ ቅመም የምሸጥ ባለ ሱቅ ነኝ። ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአንዲት ሕፃን ጥያቄ ነው። ከእናቷ ጋር ነጠላ ሊገዙ መጥተው፣ ልጅቷ ጥለቱን በጣቷ እየተከተለች «ይሄ ምን ይላል?» አለችኝ። ጽሑፍ መስሏት ነበር። እናቷም እኔም ሳቅን። ማታ ሱቁን ዘግቼ ሳስበው ግን የሚያስቅ ጥያቄ ሆኖ አላገኘሁትም። በአባቶቻችን ዘንድ ድምፅ የሚታይ፣ ጨርቅም የሚነበብ ነገር ነበርና።

የሚታይ ዜማ

በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የተነሣው ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች እንዳስተማረ ቤተ ክርስቲያናችን ትተርካለች። ዜማው ለብዙ መቶ ዓመታት ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. በቆየው ጦርነት፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጠሉ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ድጓው ሲጻፍ ከቃሉ በላይ ጥቃቅን ምልክቶች ይደረደራሉ። ስማቸው ራሱ ሥራቸውን ይናገራል፦ ይዘት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ድፋት፣ ደረት፣ ርክርክ። ድፋት እንደ ተደፋ ሳሕን የጎበጠ ነው፤ ርክርክ ነጥብ በነጥብ ይደረደራል፣ ድምፁም እንዲሁ ይርገፈገፋል። ስለዚህ ድምፅ ሲወጣና ሲወርድ፣ ሲያዝና ሲቆረጥ በዓይን የሚታይበት መንገድ ለእኛ አዲስ አይደለም።

በበዓል ቀን ማሕሌት የቆመ ሰው ደግሞ ሦስተኛውን ነገር ያያል። ከበሮው ሲመታ፣ ጽናጽሉ ሲንሿሿ፣ መቋሚያው ወደ ቀኝ ወደ ግራ ሲዘም፣ በሁለት ረድፍ የቆመው ነጭ ልብስ አብሮ ይወዛወዛል። በዐቢይ ጾም ግን ከበሮና ጽናጽል ዝም ይላሉ። ዝምታውም የሥርዓቱ አንድ ክፍል ነው።

የሚቆጠር ጨርቅ

አሁን ወደ ነጠላው ልመለስ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ዘርግቶ ይቀመጣል። እግሩ ይረግጣል፣ እጁ መወርወሪያውን ይወረውራል፣ ከዚያም ማጉን መትቶ ያስጠጋዋል። ረገጠ፣ ወረወረ፣ መታ፤ ሽሮ ሜዳ አካባቢ በሸማኔ ቤት ደጃፍ ያለፈ ሰው ይህን ምት በጆሮው ያውቀዋል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ሸማኔው ፍጥነቱን ቀንሶ ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ያነሣል፤ ባለ ቀለሙንም ክር በዚያ ያሳልፋል። ስንት አንሥቶ ስንት እንደሚዘል የሚያውቀው በቃሉ ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡት ሸማኔዎች ይህን ከአባታቸው የተማሩት ደብተራው ዜማውን ከመምህሩ እንደ ተማረው፣ ጎን ተቀምጠው ነው።

ጥለትን ጥለት የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መደጋገም ነው፤ ሁለተኛው ድግግሞሹን የምትሰብር ትንሽ ለውጥ ናት። ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆን ዓይን ይሰለቻል፤ ሁሉም ቢለያይ ደግሞ ይደክማል። የከበሮ ምትም እንደዚሁ ነው። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ ያየ ሰው ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ በረድፍ ተደርድረው ቁልቁል ሲመለከቱት ያስታውሳል። ያንንም ቀና ብሎ እንደ ምት ሊቆጥረው ይችላል።

የነጠላው ነጭ ክፍልስ? ብዙ ሰው ባዶ ይመስለዋል። እኔ ግን በጾም ከሚያርፈው ከበሮ ጋር አመሳስለዋለሁ። ጥለቱ የሚደምቀው ነጩ ስላለ ነው። ቅኝቶቻችንም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ የሚተዉት ድምፅም የሚይዙትን ያህል መልክ ይሰጣቸዋል። ከዚህም በላይ አንዱን ነጠላ ለደስታና ለለቅሶ ለይተን እንለብሰዋለን፤ በለቅሶ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ ትከሻና አንገት ላይ ይሆናል። ጨርቁ ያው ነው፤ ቅኝቱ ተለወጠ።

ፈረንጆቹስ ምን አሉ?

ታላቁ የእንግሊዝ ሊቅ አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው የብርሃን መጽሐፉ የብርሃንን ቀለም በሰባት ከፍሎ ከሰባቱ የሙዚቃ ድምፆች ጋር አስተካከለው። የዛሬ ሳይንስ ይህን አይቀበልም። ድምፅ የአየር ንዝረት ነው፤ የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 የሚደርሰውን ይሰማል። ብርሃን ግን አየር የማያስፈልገው ሌላ ዓይነት ሞገድ ነው፤ ንዝረቱም በሰከንድ በመቶ ትሪሊዮኖች ይቆጠራል። ስለዚህ ቀይ ቀለም የአንድ ድምፅ ወንድም አይደለም። ዝምድናው ያለው በድምፁና በቀለሙ ሳይሆን በሥርዓታቸው ነው፤ በመድገም፣ በማረፍ፣ በመመለስ። ያን ሥርዓት የሚያኖረው ደግሞ የሚቆጥር ሰው ነው።

የጎረቤቶቻችን በሬ

ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። እዚህ ጁባ ማቢዮር፣ ማሉዋል፣ ማጆክ የሚባል ደንበኛ ወይም ጎረቤት የሌለው ማን አለ? የዶክተር ጆን ጋራንግ ሙሉ ስም ራሱ ጆን ጋራንግ ዴ ማቢዮር ነው። እነዚህ ስሞች በዲንካ ቋንቋ የበሬ መልክ ናቸው፦ ማቢዮር ነጭ፣ ማሉዋል ቀይ ቡናማ፣ ማጆክ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት። የዲንካ ጎረምሳ በሬ ሲሰጠው በመልኩ ይጠራበታል፣ ስለ መልኩ ይዘፍናል፣ ሲጨፍርም ሁለት እጁን እንደ ቀንዱ አጉብጦ ያነሣል። ቀለሙ ዘፈን፣ ዘፈኑም ጭፈራ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ስሰማ የአገራችን ገበሬ ትዝ አለኝ። እሱስ ዥጉርጉሩን ቡሬ፣ አመድማውን ዳለቻ እያለ በመልኩ እየጠራ፣ እያዜመለት አይደለም ወይ የሚያርሰው? ስንት ዓመት አብረን ኖረን ይህን ያህል እንደምንመሳሰል አለማወቃችን ያሳዝናል።

ምን እናድርግ?

እውነቱን ልናገር፤ ነጋዴ ነኝና በሸማኔ እጅ የተሠራውንም ጥለቱ በማሽን የታተመበትንም እሸጣለሁ። የታተመው ርካሽ ስለሆነ ቶሎ ይሸጣል። ገዢውን አልወቅስም፣ በዚህ የኑሮ ውድነት ሁሉም እንደ አቅሙ ነው። ግን ልጆቻችን የታተመውን ብቻ እያዩ ካደጉ በጥለቱ ውስጥ የቆጠረ ሰው እንዳለ ከየት ያውቃሉ? በሰርጋችንም ከበሮውን ኪቦርድ ተክቶታል። ማሽኑ ምቱን አይስትም፤ ነገር ግን የሰው ድካምና ደስታ አይሰማበትም።

ስለዚህ አንድ ቀላል ሐሳብ አለኝ። ልጆቻችን በሚሰበሰቡበት ቀን አንድ የሸማኔ ነጠላና አንድ ከበሮ ይቅረብላቸው። ጥለቱን እየቆጠሩ ያጨብጭቡ፤ ባለ ቀለሙ ላይ ጭብጨባ፣ ነጩ ላይ ዝምታ። ማጆክ የሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛ ያለው ልጅ ደግሞ የስሙን ነገር ይጠይቀው። ገንዘብ አያስወጣም፣ አዳራሽም አይፈልግም።

እኔም ያቺ ልጅ ተመልሳ ስትመጣ አልስቅም። «ቁጥር ነው የኔ ልጅ፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የቆጠረው ነው፤ ነይ አብረን እናንብበው» እላታለሁ።