ለጉልበትህ ስንት ትላለህ?

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መገናኛ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ፣ ወደኋላ ይመለስ የነበረ ሚኒባስ ቀኝ ጉልበቴን መታኝ። ራጅ ተነሣሁ፤ ስብራት የለም ተባለ። እናቴ በራጅ አላመነችምና ወገሻ ዘንድ ወሰደችኝ። በሳምንቱ የመኪናው ባለቤት ብርቱካን አንጠልጥለው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤታችን መጡ። ቡና ተፈላ። በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «እንግዲህ ልጄ፣ ለጉልበትህ ስንት ትላለህ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሕክምናውን ወጪ ተቀብዬ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ብዬ ተለያየን። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቀረ።

አማርኛችን ጉዱን እዩልኝ! ጉልበት የእግር መታጠፊያ ነው፤ ኃይልም ነው፤ በቀን ሂሳብ የሚሸጥ ሥራም ነው። ታዲያ ሕጎቻችን ሲክሱ የኖሩት የትኛውን ጉልበት ነው?

ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ላይ ሁለት ሰዎች ይጣላሉ። አንደኛው ሌላውን በድንጋይ ወይም በጡጫ ይመታዋል። ተመቺው አልጋ ይዞ ይሰነብትና ተነሥቶ በምርኩዝ ወደ ደጅ ከወጣ፣ መቺው ከደም ዕዳ ነፃ ነው፤ ሥራ የፈታበትን ቀን ይከፍለዋል፣ ያሳክመዋልም። ምርኩዙ ዕድሜ ልኩን ከእጁ ይለይ አይለይ የጠየቀ የለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፃዊው ኢብን አል-አሳል በዓረብኛ ተሰናድቶ ኋላ በግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ከኦሪት ብዙ ወስዷል።

ካሳ ለእኛ የችሎት ቃል ብቻ አልነበረም። ልጅ የሞተባት እናት ቀጥሎ የወለደችውን «ካሳ» ትለዋለች። ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ይባሉ ነበር። ሙሉ ሰው በሙሉ ሰው መተካቱ ነው እንግዲህ፤ ለጉልበት እንዲህ ያለ ስም አልወጣለትም።

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ታወጀ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ቁጥር 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሻረው። የሽማግሌዎቹ ጥያቄ ግን እንደምታዩት አልተሻረም። ከውል ውጪ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ክፍል፣ ሳይደብቁ መናገር ይሻላል፣ ለተጎጂ ቸር ነው። በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይክሳል፤ የመኪና ባለቤት ደግሞ ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል። የሕክምናው ወጪ፣ የቀረው ገቢ፣ ወደፊት መቅረቱ እርግጥ የሆነው ገቢ ሁሉ ይታሰባል።

ችግሩ የመጣው ራሴን ሂሳቡ ውስጥ ሳስገባ ነው። እኔ ተቀምጬ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ደመወዝም የለኝ። ተሸካሚ ወይም ግንበኛ ብሆን የቀረብኝን ገቢ ማስረዳት እችል ነበር። የእኔ ጉልበት ግን ገቢዬን አልነካም። ሕመሙ፣ መንበርከክ መቸገሩ፣ ደረጃ መፍራቱ የኅሊና ጉዳት በሚለው ሥር ይወድቃል፤ ለዚህ ደግሞ ቁጥር 2116 ጣሪያ አበጅቶለታል፤ ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም።

ሕጉ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ነበርና ሺህ ብር 400 ዶላር ያህላል። እኔ በተመታሁበት ዓመት ጣሪያው ያው ሺህ ብር ሲሆን ምንዛሬው 35 ዶላር እንኳ አይሞላም። መንግሥታት ተለዋውጠዋል፣ ሌላው ሁሉ ዋጋ ተወድዷል፤ ሕመም ብቻ በ1952 ዋጋ ቆመ። ፕሮፌሰሩን ልወቅሳቸው አልፈልግም። ቁጥሩን ለስልሳ ዓመት ያህል ሳንነካው ያሳደርነው እኛ ነን።

በ2014 ዓ.ም. ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ ይከዳኝ፣ ማታ ማታ ያብጥ ጀመር። ሐኪሙ ውስጥ ያለው ልም አጥንት ተቀድዷል አለኝ። እርቁ ባይኖር እንኳ ጊዜው አልፏል፤ ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ነበረበት። የሕግ ሰዎች ይህን «ይርጋ» ይሉታል።

ባለፈው ስቅለት እናቴ ጎን ቆሜ ነበር። ሕዝቡ ሲሰግድ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። እናቴ ከስግደቷ ቀና ባለች ቁጥር ዓይኗ ቀኝ ጉልበቴ ላይ ነበር።