የላስታ ስስ አየር

በላስታዋ ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ለማየት የመጣ ሰው ቀና አይልም፤ ያጎነብሳል። ጣሪያው ከመሬቱ ጋር እኩል ስለሆነ መስቀሉ የሚታየው ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመው ቁልቁል ሲመለከቱ ነው። የቅዱስ ላሊበላ ገድልም መላእክት እርሱን ወደ ሰማይ አውጥተው የሚያንጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት እንዳሳዩት ይተርካል። ከላይ ሆኖ ማየት ለላስታ ሰው እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

ፈረንሳውያን በ1783 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የመጀመሪያዎቹን ሰዎች በፊኛ ከምድር ሲያነሡ እኛ ዘመነ መሳፍንት ላይ ነበርን። ፊኛ ወደ አካባቢያችን የመጣውም ለጦርነት ነው። ራስ አሉላ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር ከደመሰሱ በኋላ ሮም በላከችው ብዙ ሺህ ጦር ውስጥ በገመድ ታስረው ወደ ላይ የሚለቀቁ የሃይድሮጅን ፊኛዎች ነበሩበት። በ1888 አፄ ዮሐንስ ሠራዊታቸውን ይዘው ጣሊያኖች የመሸጉበት ሰሐጢ አጠገብ ደርሰው ነበር፤ ጠላት ከምሽጉ አልወጣ ሲል ሳይገጥሙ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ግዙፍ የአየር መርከብ ወደ ጎረቤታችን ሱዳን ዘልቆ ነበር። ኤል 59 የተባለው የጀርመን ዘፔሊን በኅዳር 1917 ከቡልጋሪያ ተነሥቶ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ለሚዋጋው የጀርመን ጦር ጥይትና መድኃኒት ጭኖ ካርቱም አካባቢ ሲደርስ በሬዲዮ ተመለስ ተባለ። ሳያርፍ 95 ሰዓት በረረ። የበረሃው ፀሐይ ቀን ጋዙን እያሞቀ ሲያነሣው፣ የሌሊቱ ብርድ ደግሞ መሬት ሊያስነካው ደርሶ ነበር።

ዛሬ በላስታ ሰማይ በሞቀ አየር ፊኛ ወይም በአየር መርከብ ለመብረር ፈተናው ከፍታው ነው። ጠዋት ብርዱ 10 ዲግሪ፣ በፊኛው ውስጥ ያለው አየር 100 ዲግሪ ነው እንበል። 3,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ ፊኛ በባሕር ጠረፍ 900 ኪሎ ያህል ያነሣል። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ግድም ላይ ባለችው ላሊበላ ግን 670 ኪሎ ቢያነሣ ነው። ጨርቁም፣ ቅርጫቱም፣ የጋዝ ሲሊንደሩም ከዚሁ ላይ ይታሰባሉ። የጎደለው ክብደት ሦስት ሰው ነው! ከቆላ ተነሥቶ ወደ ላስታ የሚወጣ የሂሊየም መርከብም ጋዙ ሽቅብ ሲሄድ ስለሚሰፋ ሩብ ያህል ሆዱን ባዶ ትቶ መነሣት አለበት። ከላሊበላ በላይ ደግሞ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ።

እንዲያም ሆኖ ላስታ ላይ በአየር መርከብ የመጠቀምን ሐሳብ ከንቱ የምል ሰው አይደለሁም። በ1977ቱ የወሎ ረሃብ (ይህን በእኛው አቆጣጠር ልበለው፤ ሁሉም የሚያውቀው በዚያ ነው) የእንግሊዝና የጀርመን አውሮፕላኖች መንገድ ባልደረሰበት ደጋ ዝቅ ብለው እየበረሩ የእህል ጆንያ ይጥሉ ነበር። ማኮብኮቢያ ሳይፈልግ ጭነቱን በቀስታ የሚያወርድ መርከብ ቢኖር ለዚህ አገር የተሠራ ይመስል ነበር። ችግሩ ግን 10 ቶን እህል ያወረደ መርከብ በምትኩ 10 ቶን ውሃ ወይም ሌላ ክብደት ካልጫነ ሽቅብ ይስፈነጠራል፤ በበጋ ላስታ ውሃ ከየት ይመጣል? ድንጋይ ግን ሞልቷል። 160 ቶን የሚያነሣ መርከብ እሠራለሁ ብሎ የተነሣው የጀርመኑ ኩባንያ ካርጎሊፍተር በ2002 ከስሮ የቀረው 360 ሜትር የሚረዝም አዳራሹ ብቻ ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የበረራ ብቃት ምስክር ወረቀት ጉዳይ ነው። አር 101 የተባለው የእንግሊዝ የአየር መርከብ አካሉ ተቆርጦ ከተቀጠለ በኋላ የተሞከረው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ በመጥፎ አየር በሙሉ ፍጥነት አልተፈተነም። የአገሪቱ የአየር ሚኒስትር በዚሁ መርከብ ሕንድ ደርሰው ለስብሰባ መመለስ ስለነበረባቸው የበረራ ብቃት ምስክር ወረቀቱ በጥድፊያ ተሰጠ። ጥቅምት 5 ቀን 1930 ሌሊት ፈረንሳይ ውስጥ ተከስክሶ በውስጡ ከነበሩት 54 ሰዎች 48ቱ አለቁ፤ ሚኒስትሩም አብረው ነበሩ።

ስለዚህ በላስታ ሰማይ በፊኛ ለመሳፈር የምታስቡ ሁሉ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ በዚህ ከፍታና በዛሬው ጠዋት ሙቀት ስንት ኪሎ ያነሣል? በጽሑፍ የሰፈረ መልስ ካላሳዩዋችሁ አትሳፈሩ።