ከጫፉ በታች

የኤቨረስት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ከጫፉ ነው፡፡ ከግርጌው ጀምሮ ላነበበው ግን የሸክም ታሪክ ነው፡፡

ጁን 7 ቀን 1922 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ተጓዦች ለሦስተኛ ጊዜ ሽቅብ ሲሞክሩ የበረዶ ናዳ ወርዶ ሰባት ተሸካሚዎችን ገደለ፡፡ ከእንግሊዛውያኑ አንድም የሞተ አልነበረም፡፡ ከናዳው የተረፈው ሐኪሙ ሃዋርድ ሶመርቬል፣ ከሟቾቹ መካከል ምነው አንዱ እንኳ እንግሊዛዊ በሆነ ብሎ መመኘቱን ኋላ ጽፏል፡፡ ጸጸቱ እውነተኛ ነበር፤ ሆኖም የሟች ቤት በጸጸት አይተዳደርም፡፡

በ1953 እ.ኤ.አ. ከ350 በላይ ተሸካሚዎች የአንድን ጉዞ ጓዝ ተሸክመው ከካትማንዱ አካባቢ ተነሡ፡፡ ከጉዞው በፊት በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ለሼርፓዎቹ የተሰጣቸው ማደሪያ መጸዳጃ የሌለው ጋራዥ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ደጁ ላይ በመሽናት ቅሬታቸውን ገለጹ፡፡ ሜይ 29 ቀን ከእነዚሁ ሼርፓዎች አንዱ፣ ቴንዚንግ ኖርጌይ፣ ከኤድመንድ ሂላሪ ጋር ጫፉን ረገጠ፡፡ ሂላሪና የጉዞው መሪ ጆን ሃንት የ«ሰር» ማዕረግ ሲያገኙ ለቴንዚንግ የጆርጅ ሜዳይ ተሰጠው፡፡ አንድ ገመድ ለታሰሩ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ክብር!

ኤፕሪል 18 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኩምቡ የወረደው ናዳ 16 ኔፓላውያን ሠራተኞችን ገደለ፡፡ የሞቱት ለውጭ አገር ደንበኞች መንገድ ሲያበጁና ጓዝ ሲያመላልሱ ነው፡፡ ደንበኛው ለአንድ ጉዞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር በሚከፍልበት ተራራ፣ መንግሥት ለሟች ቤተሰብ መጀመሪያ ያቀረበው 40,000 ሩፒ፣ ማለትም 400 ዶላር ገደማ ነበር፡፡ ሼርፓዎቹ ሸክማቸውን አወረዱ፡፡ በኔፓል በኩል የዚያ ዓመት ጉዞ ከሞላ ጎደል ተቋረጠ፤ የሕይወት መድናቸውም ከ1 ሚሊዮን ወደ 1.5 ሚሊዮን ሩፒ ከፍ አለ፡፡

ጸጸትም ሜዳይም ያላስገኙትን ሸክም ማውረድ አስገኘ፡፡ ስለዚህ መንገደኛ የሆነ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ይጠይቅ፤ ጓዜን የሚሸከመው ሰው ስንት ኪሎ ይጭናል? የት ያድራል? ቢሞት ለልጆቹ ምን ተጽፎላቸዋል? እኛም የጉዞ መጻሕፍት ወዳጆች፣ ገጹን ስንገልጥ ውኃውን ማን እንዳፈላ፣ ድንኳኑንም ማን እንደተከለ እንፈልግ፡፡ ስሙ ካልተጻፈ፣ ያ ታሪክ ገና አላለቀም፡፡