የክላፋም በር፦ ከዝምድና ወደ ዩኒቨርሲቲ ስም

እ.ኤ.አ. በ1784 የለንደን ባንክ ሸሪክ የሆነው የክላፋሙ ሄንሪ ቶርንተን የዩኒቨርሲቲ ደጅ አልረገጠም። ሙያውን የቀሰመው በነጋዴ ዘመዶቹ ቤት ነበር። ሆኖም በ1802 ስለ ወረቀት ገንዘብና ብድር ያሳተመው መጽሐፍ ለማዕከላዊ ባንክ አስተሳሰብ መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። በዘመኑ የመታመን ማረጋገጫው ዝምድናና ጉርብትና ነበር።

በ1986 የለንደን አክሲዮን ገበያ ለውጭ ባለቤቶች ሲከፈት ታላላቅ የውጭ ባንኮች ነባር ድርጅቶችን ገዙ። ዝምድና ግን ስፍራውን የለቀቀው ለችሎታ ብቻ ሳይሆን ለጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ስምም ጭምር ነው። ከጎንደር ወይም ከጅማ የተመረቀ አመልካች፣ ችሎታው ሳይመዘን፣ መልማዩ የትምህርት ቤቱን ስም ስለማያውቅ ብቻ ሊቀር ይችላል። ስለዚህም በሂሳብ ሙያ፣ በቁጥጥር ሥራ ወይም በሁለተኛ ዲግሪ በኩል ዞሮ መግባት ይገደዳል።

ነገሩ የለንደን ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በ2025 ሥራ ጀምሯል፤ ፈቃድ ያገኙት የኢንቨስትመንት ባንኮችም የምልመላ ልማዳቸውን ገና እየተከሉ ነው። ከሁሉም ዩኒቨርሲቲ ለሚመጡ እኩል ክፍት የሆነ የጽሑፍ ፈተና ዛሬ ቢደነግጉ ወጪው ጥቂት ነው፤ ልማድ ሥር ከሰደደ በኋላ ግን መንቀሉ ትውልድ ይፈጃል።