በጥንታዊ የስኮትላንድ መዛግብት የሚገኙ የሕግና የሙያ ቃላት ለትውልድ ሐረግ ጥናት ያላቸው ትርጉም

የአንድን ቤተ ሰብ የትውልድ ሐረግ ከጽሑፍ ማስረጃ ለማውጣት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው ስምና ዓመት ነው። የአባትና የእናት ስም፣ የልደትና የሞት ቀን ከተገኘ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን በጥንት መዝገብ ውስጥ ስም ብቻውን አይጻፍም፤ በአጠገቡ አንድ ወይም ሁለት ቃል ይገኛል፤ ይኸውም የሰውዬውን ሙያ ወይም በሕግ ፊት ያለውን ቦታ የሚያመለክት ነው። ብዙ ጊዜ ተመራማሪው ይህን ቃል እንደ ትርፍ ነገር ቈጥሮ ያልፈዋል፤ ወይም ዛሬ በሚታወቅበት ትርጉም ተርጕሞ ይሳሳታል።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር የስኮትላንድ መዛግብት የተመረጡበት ምክንያት አለ። ስኮትላንድ በ1707 ከእንግሊዝ ጋር አንድ መንግሥት ስትሆን የራስዋን ሕግና የራስዋን ፍርድ ቤቶች ይዛ ቀርታለች። የመሬት ይዞታ መዝገብዋ ከ1617 ጀምሮ ተጠብቆ ይገኛል፤ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ደግሞ ከጥር 1 ቀን 1855 ጀምሮ በመንግሥት ተመዝግበዋል። ከዚያ በፊት ያለው በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት መዝገብ ይፈለጋል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) እንግዲህ የማስረጃው ብዛት አያሳጣም፤ የሚያስቸግረው የቃላቱ ትርጉም ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ በእነዚህ መዛግብት ከሰው ስም አጠገብ የሚቆሙት ቃላት ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ሰውዬው ምን ይሠራ እንደ ነበረ ብቻ ሳይሆን፣ ምን መብት እንደ ነበረው ወይም ምን መብት እንደ ተነፈገ ነው።

1. የሚታወቁ የሚመስሉ ቃላት

እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንባቢ የሚሳሳተው በማያውቀው ቃል አይደለም። ያላወቀውን ቃል መዝገበ ቃላት ገልጦ ይፈልገዋል። የሚሳሳተው የሚያውቀው በሚመስለው ቃል ነው። ለዚህ ሦስት ምሳሌዎች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው «ራይተር» ነው። በተለመደው እንግሊዝኛ ደራሲ ወይም ጸሐፊ ማለት ነው። በስኮትላንድ መዝገብ ግን ራይተር የሚባለው የሕግ ባለሙያ፣ እኛ ነገረ ፈጅ የምንለው ዓይነት ሰው ነው። ስለዚህ አያቱ ኤዲንበርግ ውስጥ «ራይተር» እንደ ነበረ ያነበበ ሰው የአያቱን መጻሕፍት በቤተ መጻሕፍት ቢፈልግ ምንም አያገኝም፤ መፈለግ ያለበት በውልና በክርክር ወረቀቶች ላይ ነው።

ሁለተኛው «ቱተር» ነው። ዛሬ አስተማሪ ማለት ነው፤ በስኮትላንድ ሕግ ግን የሕፃን ሞግዚት ነበር። ወንድ ልጅ እስከ 14፣ ሴት ልጅ እስከ 12 ዓመት ድረስ በቱተር ሥር ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ እስከ 21 ዓመት «ኩሬተር» የሚባል ሌላ ጠባቂ ይኖራል። አባትየው ሞግዚት ሳይሾም የሞተ እንደ ሆነ፣ ሕጉ ለሞግዚትነት የሚጠራው በአባት ወገን የቅርብ የሆነውን ወንድ ዘመድ ነበር። ከዚህ የተነሣ «በሕግ የሆነ ቱተር» የሚለው ቃል ለተመራማሪው ትልቅ ሀብት ነው፤ ስሙ የተጠቀሰው ሰው ምናልባት የሕፃኑ አጎት፣ የአባቱ ወንድም ነውና። ቃሉን «አስተማሪ» ብሎ የተረጐመ ሰው ግን አንድ የሥጋ ዘመድ በእጁ ከገባ በኋላ ይጥለዋል።

ሦስተኛው «ዐመፀኛ» የሚለው ነው። ዕዳውን እንዲከፍል ታዝዞ ያልከፈለ ሰው በከተማው የገበያ መስቀል አጠገብ፣ መልእክተኛው መለከት ሦስት ጊዜ ከነፋ በኋላ፣ የንጉሥ ዐመፀኛ ተብሎ ይታወጅበት ነበር። ይህም «ሆርኒንግ»፣ ማለት መለከት ማስነፋት፣ ይባል ነበር። እንግዲህ የዘር ማንዘሩ ስም በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ ተጽፎ ያገኘ ሰው አያቴ በንጉሥ ላይ ጦር ያነሣ ጀግና ነበረ ብሎ ከመፎከሩ በፊት፣ ዕዳ ያለበት ምስኪን እንዳይሆን መመርመር ይገባዋል።

ለዚህ ለሦስተኛው ተቃራኒ የሆኑ፣ መልካቸው እንግዳ ሆኖ ትርጉማቸው ቀላል የሆኑ ቃላትም አሉ። «አምኋይል» ማለት ሟቹ ማለት ነው። «ሬሊክት» ባልዋ የሞተባት ሴት ናት። «ጉድ ብራዘር» ደግሞ ቃል በቃል «ደግ ወንድም» ይመስላል፤ ነገር ግን የጋብቻ ዘመድ፣ የሚስት ወይም የእኅት ባል ወገን የሆነ ሰው ነው። በእነዚህ መዛግብት ያገባች ሴት ብዙ ጊዜ በራስዋ የአባት ቤት ስም ትጻፋለች፤ ይህም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። ስለዚህ «እገሊት፣ የአምኋይል እገሌ ሬሊክት» የሚል አንድ መስመር የሁለት ቤተ ሰቦችን ስምና የአንዱን ሰው ሞት በአንድነት ይነግረናል።

2. መሬትና ተንቀሳቃሽ ንብረት

የስኮትላንድ የውርስ ሕግ ንብረትን በሁለት ይከፍል ነበር። አንደኛው መሬትና ቤት፣ ሁለተኛው ገንዘብ፣ ከብት፣ እህልና የቤት ዕቃ ነው። የመጀመሪያው ለበኩር ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፍ ነበር፤ ይህም ደንብ የተሻረው በ1964 ነው። እስከ 1868 ድረስም መሬትን በተራ ኑዛዜ ለሌላ ሰው መስጠት አይቻልም ነበር። ተንቀሳቃሹ ንብረት ግን ሚስትም ልጆችም ካሉ በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ እጅ ለሚስት፣ አንዱ ለልጆች፣ ሦስተኛው «የሟች ድርሻ» ተብሎ ሟቹ እንደ ወደደ የሚናዘዝበት ነው።

«ተስታመንት» የሚባለው ሰነድ የሚመለከተው ይህን ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። ሟቹ ራሱ ወኪሉን ሰይሞ እንደ ሆነ ሰነዱ «ተስታመንታር» ይባላል፤ ሳይናዘዝ ሞቶ ፍርድ ቤቱ ወኪል የሾመለት እንደ ሆነ «ዴቲቭ» ይባላል። ከዚህ ላይ አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። መሬቱን የወረሰው የበኩር ልጅ፣ የወረሰውን መሬት ከሌሎቹ ጋር ለመካፈል ካልፈቀደ በቀር፣ ከተንቀሳቃሹ ንብረት የልጅነት ድርሻ አይደርሰውም ነበር። ከዚህ የተነሣ በብዙ ተስታመንት ውስጥ የበኩሩ ስም ጨርሶ አይገኝም። ሰነዱን ብቻ ያነበበ ሰው፣ በኩሩ በልጅነቱ ሞቶአል ወይም አባቱ ክዶታል ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ግን ከሁሉ የበለጠውን የወሰደው እርሱ መሆኑ ነው። እንግዲህ የስም አለመጠቀስ የድኅነት ምልክት ሳይሆን የሀብት ምልክት ሊሆን ይችላል።

በኩሩን ለማግኘት ወደ ሌላ መዝገብ መሄድ ያስፈልጋል። ወራሹ በሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ወራሽነቱን ያስመሰክራል፤ የጉባኤው ቃልም ወደ ንጉሡ ጽሕፈት ቤት ይመለሳል። ስለ መመለሱም ሰነዱ «ሪቱር» ተባለ። ከጥቂት ዓመታት በቀር እስከ 1847 ድረስ የሚጻፈው በላቲን ነበር። ከዚያም ወራሹ የመሬቱን ይዞታ «ሴዚን» በሚባል ሥርዓት ይቀበላል። ለእርሻ መሬት አፈርና ድንጋይ፣ ለዓሣ ማጥመጃ መረብና ጀልባ በእጁ ይሰጠው ነበር። በመሬቱ ላይ ቆሞ ይህን ሥርዓት መፈጸም ግዴታ መሆኑ በ1845 ቀርቶአል፤ የፊውዳል ይዞታ ራሱም በኅዳር ወር 2004 ከነጭራሹ ተሽሮአል።

ይህን ሁሉ ወደ አማርኛ ስንመልስ «ርስት» የሚለው ቃል ቶሎ ወደ አፋችን ይመጣል። ይሁን እንጂ መጠንቀቅ ያሻል። በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል ርስት፣ የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት እስከ ሆነበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ፣ ከአቅኚው አባት የተወለደ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ዘሩን ቈጥሮ የሚጠይቀው ነበር። የስኮትላንዱ ግን አንዱን አንሥቶ ሌሎቹን የሚተው ነው። በእኛ ዘንድ ሐረግ መቍጠር ብዙ ሰዎችን ወደ መሬቱ ያስገባ ነበር፤ በእነርሱ ዘንድ ብዙዎችን ያስወጣ ነበር። ቃሉን ያለ ማብራሪያ ብንጠቀምበት የሁለቱንም አገር ታሪክ እናበላሻለን። ወንድ ልጅ ሲታጣ ግን የስኮትላንድ ሕግ መሬቱን ለሴቶች ልጆች እኩል ያካፍል ነበር። «ፖርሸነር»፣ ማለት ባለ ድርሻ፣ የሚለው ቃል የሚያመለክተው የተከፈለ መሬት ድርሻ ያለውን ሰው ነው፤ መሬቱም የተከፈለው በእኅትማማቾች መካከል ሊሆን ስለሚችል ተመራማሪውን በሴት በኩል እንዲፈልግ ይመክረዋል።

3. የሙያ ስሞች

የሙያ ቃላት ቍጥራቸው ብዙ ነው። «ራይት» አናጢ፣ «ኮርዲነር» ጫማ ሰፊ፣ «ባክስተር» ዳቦ ጋጋሪ፣ «ፍሌሸር» ሥጋ ሻጭ፣ «ዌብስተር» ሸማኔ፣ «ሊትስተር» ልብስ በቀለም የሚነክር፣ «ሀመርማን» የብረታ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ የቤተ ሰብ ስም ሆነዋል፤ ስለዚህ ባክስተር የተባለ ሰው ጫማ ሰፊ ሆኖ ቢገኝ ሊያስደንቀን አይገባም።

በከተማ ውስጥ እነዚህ ሙያዎች የየራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። በከተማው ለመነገድና ለመሥራት ሙሉ መብት ያለው ሰው «በርጀስ» ይባል ነበር። ይህን መብት ሰው የሚያገኘው የበርጀስ ልጅ በመሆን፣ የበርጀስን ሴት ልጅ በማግባት፣ ከባለ ሙያ ጋር በደቀ መዝሙርነት ሠርቶ በመፈጸም ወይም ገንዘብ በመክፈል ነው። ጸሐፊው በየትኛው መንገድ እንደ ገባ ይመዘግባል። «በሚስቱ መብት» የሚል ከተገኘ የሚስቲቱ አባት በርጀስ ነበረ ማለት ነው፤ ስሙም ብዙ ጊዜ በዚያው ይገኛል። እንግዲህ የሙያ መዝገብ መስሎ የታየው የጋብቻ መዝገብ ሆነ።

4. «ኮልየር» የሚለው ቃል

ከላይ የተባለው ሁሉ እውነት መሆኑ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በአንድ ቃል ላይ ነው። «ኮልየር» የድንጋይ ከሰል ቈፋሪ ነው። በ1850 የተጻፈ ከሆነ ስለ ሥራው ከመናገር ሌላ የሚያመለክተው የለም፤ በ1750 የተጻፈ ከሆነ ግን ስለ ነጻነቱም ይናገራል።

በ1606 የስኮትላንድ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ማንም ሰው ኮልየሮችን፣ ከሰል ተሸካሚዎችንና ጨው ቀቃዮችን ከቀድሞ ጌታቸው የመሰናበቻ ወረቀት ሳይዙ እንዳይቀጥር ተከለከለ። ያለ ወረቀት የሄደውን ጌታው በአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ውስጥ ቢጠይቅ እንዲመለስ ታዘዘ፤ የሄደውም ሰው እንደ ሌባ ተቈጠረ። በ1701 ሰው ያለ ፍርድ እንዳይታሰር የሚጠብቅ ሕግ ሲወጣም ኮልየሮችና ጨው ቀቃዮች ከዚያ ጥበቃ ውጭ ሆኑ። ከጊዜ በኋላም የማዕድኑ ሥራ ሲሸጥ ሠራተኞቹ አብረው የሚተላለፉ ሆኑ። ሕፃን ክርስትና ሲነሣ ጌታው ለወላጆች «አርልስ» የሚባል ገንዘብ የሚሰጥበት ልማድ ነበረ። አርልስ እኛ ቀብድ የምንለው ነው። ወላጆቹ ቀብዱን ከተቀበሉ ሕፃኑ ለጉድጓዱ ታሰረ ማለት ነው።

በ1778 የስኮትላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከጃማይካ ወደ ስኮትላንድ የመጣው አፍሪቃዊው ጆሴፍ ናይት በጌታው በጆን ዌደርበርን ላይ ባቀረበው ክርክር፣ የጃማይካ የባርነት ሕግ በስኮትላንድ እንደማይጸና ፈረደ። በዚያው ዓመት ግን በዚያው አገር የተወለዱ ኮልየሮች ገና ሙሉ ነጻነት አላገኙም ነበር። በ1775 የወጣው ሕግ አዲስ ገቢዎችን ነጻ ቢያደርግም፣ አስቀድሞ ለታሰሩት እንደ ዕድሜያቸው የሚጠብቁት ዓመት ወሰነላቸው፤ ጊዜው ሲደርስም ወደ ፍርድ ቤት ሄደው ነጻነታቸውን እንዲያስፈርዱ አዘዘ። ከጉድጓድ ወጥቶ ዳኛ ፊት መቆም ለድኃ ሰው ቀላል ስላልሆነ ብዙዎች ሳይጠቀሙበት ቀሩ። ሙሉው ነጻነት የመጣው በ1799 ነው።

ይህን ያወቀ ተመራማሪ ምርምሩን በሌላ መንገድ ያካሂዳል። ከ1799 በፊት የነበረ ኮልየር እንደ ልቡ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወር ስላልሆነ፣ ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን በዚያው ጌታ ማዕድን አካባቢ መፈለግ ይገባል። ስማቸውም ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሌላ በባለ መሬቱ የንብረት ወረቀቶች ውስጥ ሊገኝ ይችላል። «ቤረር»፣ ማለት ተሸካሚ፣ የሚለውም ቃል ሴት ሊሆን እንደሚችል ያስታውሳል፤ የቈፋሪው ሚስትና ሴት ልጆች ከሰሉን በጀርባቸው ከጉድጓድ ያወጡ ነበርና። ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ የተከለከለው በ1842 ነው።

5. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ሦስት ደንቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ቃሉን ከመተርጐም በፊት ሰነዱን የጻፈው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው፤ ፍርድ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይስ የሙያ ማኅበር። ሁለተኛ፣ ዓመቱን መመልከት ነው፤ አንድ ቃል ሕጉ ሲለወጥ ትርጉሙ ይለወጣልና። ሦስተኛ፣ ያልተጻፈውን ስም አልነበረም ብሎ ከመደምደም በፊት፣ ሕጉ በሌላ መዝገብ እንዲጻፍ ያደረገው እንደ ሆነ መመርመር ነው።

ነገሥታትና መኳንንት ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው አያጡም። ኮልየሩና ከሰል ተሸካሚዋ ግን ከራሳቸው የተጻፈ ነገር እምብዛም አልተዉልንም፤ የተረፈላቸው ሌላ ሰው በስማቸው አጠገብ የጻፈው አንድ ቃል ነው። ያንንም በትክክል ካላነበብነው፣ የታሰረውን ሰው እንደ ነጻ ሠራተኛ፣ ሞግዚቱን እንደ አስተማሪ፣ ወራሹን እንደ ሙት ቈጥረን ለልጅ ልጆቻቸው የሌላ ሰው ታሪክ እናስረክባለን።