ዐመድ፣ እበትና እንዶድ፤ ስለ ቤት ጽዳት ልማድ ታሪክ ከአያት የተነሣ ማስታወሻ

ስለ አገራችን የጽዳት ታሪክ ሲነሣ ነገሩን ከሳሙና መምጣት መጀመር የተለመደ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዘመን እንደ ባዶ ሜዳ ይታለፋል፤ ወይም ደግሞ በዚህ ዘመን ደጋግሞ እንደሚሰማው፣ የቀድሞው ሰው የሚጠቀምበት ነገር ሁሉ ከቅጠልና ከፍሬ የተገኘ ስለ ሆነ ርካሽ ነበረ፣ ጉዳትም አልነበረውም ተብሎ ይወደሳል። ሁለቱም አስተያየቶች አንድ ጉድለት አለባቸው፤ ይኸውም ሥራው እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ፣ ማን ይሠራው እንደ ነበረና ዕቃው ከየት ይገኝ እንደ ነበረ አለመጠየቃቸው ነው።

እኔን ወደዚህ ጥያቄ የመራኝ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ በአያት ያየሁት ነገር ነው። አያት ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት ገበሬ የሚያርሰው መሬት ነበረ። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዓ.ም. ቪላዎችና ባለ ብዙ ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩበት፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከጦር ኃይሎች የሚነሣው የከተማ ባቡር መድረሻው አያት ሆነ። ከነዚሁ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ባንዱ፣ በአራተኛው ፎቅ፣ ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት የጠቆረ ድስት ይዘው አገኘኋቸው። ምን እንደሚፈልጉ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እዚህ ቤት ዐመድ የለም» አሉኝ። ነገሩ ለጊዜው አሣቀኝ። ወደ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ ግን የዚህ ሁሉ ጥናት ፍሬ ነገር በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ እንዳለ ተረዳሁ።

በቀድሞው ቤት ዐመድ የሚገዛ ነገር አልነበረም። እንጨትና ኩበት በምድጃ ሲነድ ዐመዱ ይቀራል፤ ያው ዐመድ በማግሥቱ ድስቱን ይፈትጋል። ላሟ በበረት ታድራለች፤ እበቷ ግማሹ ደርቆ ኩበት ይሆናል፣ ግማሹ በእርጥቡ የቤቱን መሬት ይለቀልቃል፤ ኩበቱም ነዶ እንደገና ዐመድ ይሆናል። እንግዲህ ርካሽነቱ የዕቃው ጠባይ ሳይሆን የቤቱ ሥርዓት ጠባይ ነበረ ማለት ነው። በሬና ላም፣ ምድጃና ጓሮ ከቤቱ ሲለዩ ያ ክብ ይበጠሳል፤ በነጻ ይገኝ የነበረው ነገርም ከገበያ የሚፈለግ ይሆናል። በአያት ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ምግብ ይበስላል፤ ዐመድ ግን አይቀርም።

ዐመድ ለምን ድስት እንደሚያጠራ ማስረዳት ቀላል ነው። በእንጨት ዐመድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ካርቦኔት በውሃ ሲርስ ቅባትን ይይዛል፤ ከቅባቱም ጥቂቱን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። በጥንት ዘመን ሳሙና ራሱ የተወለደው ከዐመድና ከስብ ነው። ስለዚህ ቅባት የያዘውን ድስት በዐመድና በጭድ የምትፈትግ ሴት ሳታውቀው በድስቱ ቂጥ ላይ ሳሙና ትሠራለች ብንል አልተሳሳትንም። ልዩነቱ አውሮፓዊው ሳሙናውን ቆርጦ፣ ጠቅልሎና ስም ሰጥቶ መሸጡ ነው።

የእበቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። እበት በራሱ ቆሻሻን አያስወግድም፤ በውስጡ ያለው የሣር ጭረት ግን አፈሩን አያይዞ አቧራን ይገታል፤ ስንጥቁንም ይደፍናል። የተለቀለቀ መሬት በጭፍርግ መጥረጊያ ሲጠረግ አይቦንንም፤ በአቧራ ውስጥ የሚራባው ቁንጫም እንደ ልቡ መጠለያ አያገኝም። መሬቱ በየጊዜው ይለቀለቃል፤ በተለይም ለዓመት በዓልና ለድግስ። በዚያ ላይ ቄጤማ ሲነሰነስ እንግዳ የሚገባበት ቤት ሆነ ይባላል። ያም ሆኖ በእንስሳት እበት ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍን በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ቁስል ላለበት እግርና ለተወለደ ሕፃን እትብት አደጋ ነው። «ባህላዊ ነውና አይጎዳም» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ መጀመሪያ ይሰናከላል።

ጋን ማጠብ የራሱ ጥበብ ነበረው። የሸክላ ዕቃ ውስጡ ስውር ቀዳዳ የበዛበት ስለ ሆነ ጠላው በውስጡ ሽታና እርሾ ይተዋል። ሻካራውና መራራው የግራዋ ቅጠል ከውሃ ጋር ተጨምሮ ጋኑ ይታሻል፤ ከዚያም ተደፍቶ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ሽታ ብቻ አይደለም፤ በሸክላው ቀዳዳዎች ገብቶ የማይፈለገውን እርሾና ሻጋታ ያዳክማል። የወተት ቅልም እንደዚሁ ይታጠናል። ምጣዱ ግን ውሃ እምብዛም አይነካውም፤ በተወቀጠ ጎመን ዘር ይታሻል እንጂ። የእንጀራ ምጣድ እንደ ድስት ይታጠብ ብሎ ለአንዲት ጋጋሪ የሚመክር ሰው ቢኖር፣ መሣቂያ ሆኖ ይመለሳል።

ወደ እንዶድ እንመለስ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ታሪክ የእርሱ ነውና። እንዶድ በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ ሃንዶዴ ይባላል። የዕፀዋት ሊቃውንት ፊቶላካ ዶዴካንድራ ይሉታል፤ ስሙን ፈረንሳዊው ሌሪቲየ እ.ኤ.አ. በ1791 አወጣለት። በደጋና በወይና ደጋ በአጥር ላይ የሚንጠላጠል ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ተለቅሞ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም በሙቀጫ ይወቀጣል። ወቃጩ ማስነጠሱ አይቀርም፤ ዱቄቱ ዓይንንና አፍንጫን ይቈጠቍጣልና። ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ይኰረፋል። ኩርፊያውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ስሙም ከላቲን «ሳሙና» ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው።

በእንዶድ የሚታጠበው ልብስ ነጭ ሸማ ነው። ሸማው ወደ ወንዝ ተወስዶ በድንጋይ ጐድጓዳ ውስጥ ወይም በድንጋይ ላይ ከእንዶዱ ጋር በእግር ይረገጣል፤ ከዚያም በፈሳሹ ውሃ ይለቀለቅና በሣር ላይ ይሰጣል። በብዙ የደጋ አገር ይህ ሥራ የወንድ ሥራ እንደ ነበረ ልብ ማለት ይገባል። እንጀራ መጋገርና ጠላ መጥመቅ ለሴት የተተወ ሆኖ ሳለ ልብስ ማጠብ ግን የወንድ መሆኑ፣ የቤት ሥራ ሁሉ በተፈጥሮ የሴት ነው ለሚሉት ጥሩ መልስ ነው። ዛሬ በከተማ ሥራው ከወንድ እጅ ወጥቶ ወደ ሠራተኛይቱ መተላለፉ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

የእንዶድ ልማድ በዓለም ሳይንስ ዘንድ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ወጣቱ ሊቅ አክሊሉ ለማ በአድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መኖራቸውን አስተዋሉ። ከዚያ በላይ ባለው ውሃ ግን ቀንድ አውጣዎቹ ደኅና ነበሩ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ከርሳቸው በፊት በዚያ ወንዝ ዳር ያለፉ ተመራማሪዎች ሁሉ አጣቢዎቹን ያዩ ነበር፤ የአጣቢዎቹን ውሃ ተከትሎ ወደ ታች የወረደ ግን አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂን ተቋም መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በእንዶድ በተደረገው ሙከራ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ብዙ ዓይነት የእንዶድ ዘሮችን እያወዳደሩ፣ ኀይለኛውን ዘር ለመምረጥ ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለእኛ ዓይነት አጥኚዎች የሚያሳስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ካለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ተቀበሉ። የዚያ አገር ሐይቆች በወቅቱ የሜዳ አህያ መልክ ባለው አንድ የባሕር ዛጎል ተቸግረው ነበር፤ ዛጎሉ የውሃ መሳቢያ ቧንቧዎችን ይደፍን ነበር። እንዶድ ለዚህም መድኃኒት ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የባለቤትነት መብት ተሰጠበት። አክሊሉ ከፈልሳሚዎቹ እንደ አንዱ ተቈጠሩ፤ ይህ ተገቢ ነው። የአድዋ አጣቢዎች ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም። እነርሱን የሚጠቅስ ሕግ በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ ሕጉ የሚያውቀው የተጻፈውን ዕውቀት ብቻ ነበርና። በእግር የተረገጠ ዕውቀት በወረቀት ካልሰፈረ የማንም እንዳልሆነ ይቈጠራል። የእኛ ዓይነቱ ማኅበር እነዚህን ልማዶች በጊዜው ቢመዘግብ ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ቢያንስ ግን ክርክሩ ከባዶ አይጀመርም ነበር።

ሆኖም እንዶድ ለቀንድ አውጣው መርዝ ከሆነ፣ ጉዳት የሌለው ነው ማለት እንዴት ይቻላል? እንዶድ ዓሣን ይገድላል። ፍሬውንና ሥሩን ለሆድ ማጽጃና ፅንስ ለማስወረድ ሲጠጡ የሞቱ ሰዎች አሉ። መልካም ጠባዩ በውሃ ውስጥ ቶሎ መፈራረሱና በሳምንታት ሳይቈይ ኀይሉን ማጣቱ ነው። እንግዲህ የቀድሞ ሰዎች እንዶድን የተጠቀሙበት ጉዳት ስለሌለው ሳይሆን፣ ጉዳቱን ስላወቁና በሸማ ላይ ብቻ ስለወሰኑት ነው። ዕውቀቱ ያለው በፍሬው ውስጥ አይደለም፤ በመጠኑና በቦታው ነው።

ይህ አስተያየት በዛሬው የአያት ማእድ ቤትም ይሠራል። መደርደሪያው ላይ በረኪና አለ፤ ከጎኑ አቼቶ አለ። ሁለቱም ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሴራሚኩን ይበልጥ ያነጣል በሚል ሐሳብ በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር የሚቀላቅሉ ሰዎች አሉ። ይህ የክሎሪን ጋዝ ያስነሣል፤ ጋዙም ሳንባን ይጎዳል። አቼቶ ብቻውን፣ ሎሚም ብቻውን የውሃ ማፍያውን ነጭ ቅርፊት ያሟሟል፤ ጨው ተጨምሮበት የመዳብ ዕቃን ያጠራል፤ በዚህ መጠን ሁለቱም ርካሽና ደኅና ናቸው። የእንዶዱ አጣቢ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያቆም ከአባቱ ተምሯል። የበረኪናው ጠርሙስ ግን ትምህርቱን በጥቃቅን ፊደል በጀርባው ላይ ይዞታል፤ ብዙ ጊዜም በማይነበብ ቋንቋ።

ባልቴቲቱን በሌላ ቀን በግቢው አጥር አጠገብ አገኘኋቸው። በቀለ ብለው ማንም ያልተከለው የግራዋ ቁጥቋጦ አለ፤ ዘበኛው በየጊዜው ይቈርጠዋል፣ እርሱም እንደገና ያቈጠቍጣል። ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ጠላ ሊጠምቁ ቅጠሉን በነጠላቸው ጫፍ ይሰበስቡ ነበር። ጋኑ የት አለ ብዬ ብጠይቃቸው ጋን የለም፤ የሚጠምቁት በፕላስቲክ በርሜል ነው። ፕላስቲክ እንደ ሸክላ ቀዳዳ የለውምና ግራዋው የሚገባበት የለውም፤ በወይራ ጭስም ቢታጠን ይቀልጣል። ይህን ነገርኋቸው። አዳመጡኝና፣ «መታጠቡንስ ይታጠብ» ብለው ቅጠላቸውን ይዘው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።