ይህን አልበም ማን ሰጠህ?

ባለፈው ቅዳሜ አራት ጓደኛሞች ቡና ይዘን ተቀምጠን አንድ የቆየ ጨዋታ ጀመርን፡፡ "ከጃዝ አልበሞች አንድ ብቻ ምረጥ ብትባል የቱን ትመርጣለህ?" የሚል፡፡ አንዱ ዓይኑን ሳያሽ "ካይንድ ኦፍ ብሉ" አለ፡፡ (ሁሌም አንድ ሰው የማይልስ ዴቪስን አልበም ይላል፤ ደግሞም አልተሳሳተም፡፡) አንዷ የጆን ኮልትሬንን "ኤ ላቭ ሱፕሪም" ጠራች፡፡ ተራው ሲደርሰኝ እኔ "ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ" አልኩ፡፡ አራተኛው ጓደኛችን የራሱን ምርጫ ትቶ "ለመሆኑ እሱን አልበም ማን ሰጠህ?" ብሎ ጠየቀኝ፡፡

ጥያቄው ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፡፡ የዚህ ሙዚቃ ታሪክ ሲመረመር ለካ ዞሮ ዞሮ የዚሁ ጥያቄ መልስ ነው፡፡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ከአልበሙ እንጀምር፡፡ ሙላቱ አስታጥቄ የጅማ ልጅ ነው፡፡ ለትምህርት ብሪታኒያ ሄደ፤ ከዚያ ቦስተን ወደሚገኘው በርክሊ ተሻገረ፡፡ "ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ"ን በ1972 ያወጣው ኒው ዮርክ ላይ ቀርጾ ነው፡፡ ያደረገው ነገር ሲወራ ቀላል ይመስላል፡፡ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ እነዚያን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን፣ መልካቸውን ሳያጠፋ ከሥራቸው የጃዝ ሐርመኒና የላቲን ምት አነጠፈላቸው፡፡ ሲሠሩት ግን መከራ ነው፤ ሐርመኒው ትንሽ ከበዛ ቅኝቱ ይሰምጣል፡፡

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነበር፡፡ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠበት ዘመን ነው፡፡ አምሃ በ1969 አዋጁን ችላ ብሎ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ ህንድ አገር አሳትሞ አስመጣ፡፡ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ደርዘን ያህል አልበሞች አወጣ፡፡ የሙላቱ "የካቲት ኢትዮ ጃዝ"ም በ1974 የወጣው በእሱ እጅ ነው፡፡ ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ መጣ፤ የምሽት ክበቡ ሕይወት ተዳከመ፡፡ አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ፡፡ (በ2021 አረፈ፡፡) ሸክላዎቹ ግን በየሰው ቤት፣ በየሳጥኑ ውስጥ ቀሩ፡፡

አሁን ወደ ፈረንሳይ እንሻገር፡፡ በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ የሙዚቃ ሰው፣ ወዳጁ ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን የማህሙድ አህመድን ሸክላ ሰማ፡፡ ሰምቶ ዝም አላለም፡፡ ካሴት ላይ እየቀዳ ለሚያውቃቸው ሁሉ ላከ፡፡ ብዙም ሳይቆይ ራሱ አዲስ አበባ መጣ፡፡ በ1986 የማህሙድ "እሬ መላ መላ" አውሮፓ ውስጥ ታተመ፤ በ1997 ደግሞ "ኢትዮፒክስ" የተባለው ተከታታይ ሥራ ተጀመረ፡፡ የሙላቱ ሙዚቃ የወጣበት አራተኛው ቅጽ በ1998 ታተመ፡፡ እንግዲህ የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ሰው ለጓደኛው "ይቺን ስማት" ማለቱ ነው፡፡

አራተኛው ቅጽ ደግሞ ሆሊውድ ደረሰ፡፡ የጂም ጃርሙሽ "ብሮክን ፍላወርስ" በ2005 ሲወጣ ስንቱ ወጣት ሙላቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ከፊልሙ ነው፡፡ ፊልሙ ውስጥ ሙዚቃው እንዴት እንደሚገባ ታስታውሳላችሁ? ኢትዮጵያዊው ጎረቤት ለመንገድ እንዲሆነው ብሎ ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል፡፡ በቃ! ዳይሬክተሩ የገባው ይመስለኛል፤ ይህ ሙዚቃ የሚተላለፈው እንደዚህ ነው፡፡

ኃይሉ መርጊያ ሌላው ማስረጃዬ ነው፡፡ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ፣ ባንዱ በ1981 አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ፡፡ በ1985 አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፡፡ ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር፡፡ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባህር ዳር አገኘው፤ ወደደው፤ ባለቤቱን ፈልጎ በ2013 እንደገና አሳተመው፡፡ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 "ላላ በሉ" የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ፡፡

እዚህ ጋ አንድ ነገር ይቆጠቁጠኛል፡፡ ካሴቱ ባህር ዳር ነበር፡፡ ስንቶቻችን በአጠገቡ አልፈናል? ፈረንጅ "አገኘ" ሲባል "የእኛን!" እያልን እናኮርፋለን፡፡ ማኩረፍ መብታችን ነው፤ ግን እኛ ምን አደረግን?

እኔ ያደረግኩትን ልናገር፡፡ አጎቴ ጋ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ነበር፡፡ ልጅ ሳለሁ ከውስጡ አንዱን መዝዤ፣ ቀዳዳውን በወረቀት ወትፌ፣ ከሬዲዮ የእንግሊዝኛ ዘፈን ቀዳሁበት፡፡ ከዓመታት በኋላ ስሰማው፣ የእኔ ዘፈን ካለቀ በኋላ አርባ ሰከንድ ያህል ሳክስፎን ቀርቷል፡፡ ዜማው አንቺ ሆዬ ነው፡፡ ማን እንደነፋው እስከ ዛሬ አላወቅኩም፡፡ አጎቴን ስጠይቀው ሳቀና "እሱንማ አንድ የክፍለ ጦር ጓደኛዬ ነበር የቀዳልኝ፤ እሱም አሁን የለም" አለኝ፡፡

የጓደኛዬ ጥያቄ የከበደኝ ለዚህ ነው፡፡ ሙላቱን የሰጠኝ ከኢንተርኔት ካፌ የወረደ ፋይል ነው፤ እሱን ያወረደው ልጅ ከሲዲው፣ ሲዲው ከፋልሴቶ፣ ፋልሴቶ ደግሞ ሸክላውን ጠብቀው ካቆዩት የአዲስ አበባ ሰዎች አገኘው፡፡ እኔ ጋ የደረሰው በመሃል ያለ አንድም ሰው ስላልቀዳበት ነው፡፡

አጎቴ ካርቶኑን ሰጥቶኛል፡፡ ሠላሳ አንድ ካሴት አለው፤ በሳምንት ሁለት ሁለት ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው፡፡ እናንተ ቤትስ፣ አልጋ ሥር ያለው ካርቶን ውስጥ ምን አለ? ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ጠይቁት፡፡